እናትን ቤት ቆልፎ ሥራ መግባት፦ የመርሳት ሕመም፣ የከተማ ዳር ንግድና የሠራተኞች ጭንቀት

ከምኖርበት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር አንድ ሱቅ አለ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳቦ ልገዛ ወርጄ ተራ ስጠብቅ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ አንዲት እናት ከፊቴ ነበሩና ግማሽ ኪሎ ስኳር እንዲመዘንላቸው ጠየቁ። ባለሱቁ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይዘል ወጣት ነው። እጁን ወደ ሚዛኑ ሳይሆን ወደ ዱቤ ደብተሩ ሰደደና ገጹን ገልጦ በጣቱ እያሳየ «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ግማሽ ኪሎ ወስደዋል፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ቤት ገብተው ይዩት፤ ከሌለ እኔው ይዤልዎት እመጣለሁ» አላቸው። እሳቸውም «እንዲያ ነው እንዴ? ተባረክ ልጄ» ብለው ተመለሱ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ በዚያ ጠዋት ለስኳር ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የልጃቸው ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ልጃቸው በአቃቂ ቃሊቲ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ትሠራለች።

ይህን ወጣት ማንም አላሠለጠነውም። ቢሆንም ደንበኛውን ሰው ፊት አላሳፈራቸውም፣ አልተከራከራቸውም፣ ስኳሩን ሦስቴ ሸጦ ገንዘባቸውን አልወሰደም፤ ችግር ቢፈጠር የሚደውልበት ቁጥርም በእጁ ነበረው። የመርሳት ሕመም ከሐኪም ቤት አስቀድሞ የሚታየው እንዲህ ባለው ሱቅ፣ በባንክ መስኮትና በታክሲ ተራ ላይ ነው፤ ሕመምተኛዋን የምታስታምመው ልጅ ደግሞ በዚያው ሰዓት በሌላ ድርጅት ውስጥ ማሽን ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስልኳ እስኪጠራ እየሰጋች ነው። ስለዚህ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። ነጋዴውም አሠሪውም ሳያውቁት ውስጡ ገብተዋል፤ የቀራቸው አውቀው መግባት ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ስም። በእኛ ዘንድ አንድ አዛውንት ነገር ሲደጋግሙ፣ የልጆቻቸውን ስም ሲያምታቱ ወይም ቤታቸው ሲጠፋባቸው «ጃጁ» እንላለን፤ ለዘብ ብሎ የሚናገረው ደግሞ «እርጅና ነው» ይላል። ሁለቱም አባባሎች አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ነገሩን የዕድሜ ጸጋ ወይም ዕዳ አድርገው ሕመምነቱን ይሸፍናሉ። ሐኪሞች ዲመንሺያ የሚሉት የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና የዕለት ሥራን የማከናወን ችሎታ ቀስ በቀስ እየተዳከመ የሚሄድበት ሁኔታ የሚመጣው አንጎልን በሚጎዱ ልዩ ልዩ በሽታዎች ነው። ከነዚህ ዋነኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸውና በስሙ አልዛይመር የተባለው በሽታ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

ስም ቀላል ነገር አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕመሙ የምትጠቀምበትን የቀድሞ ቃል ንቀት ያዘለ ነው ብላ በይፋ ለውጣዋለች። በቀጣዩ ዓመትም የባንክ ሠራተኞችን፣ ባለሱቆችንና ተማሪዎችን ጨምሮ ማንኛውም ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ የሕመምተኞች ደጋፊ የሚሆንበትን መርሐ ግብር ጀመረች፤ ሠልጣኞቹ ብርቱካናማ የእጅ አምባር ያደርጋሉ፣ ቁጥራቸውም ከ10 ሚሊዮን አልፏል። ሥልጠናው የሚፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህን የማነሣው እንደ ጃፓን እንሁን ለማለት አይደለም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ለማንኛውም ድርጅት የሚከብድ ጊዜ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

የአዲስ አበባ ዳርቻ በዚህ ጉዳይ ላይ ከመሀል ከተማው የተለየ ችግር አለበት። ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በየካ አባዶ፣ በአያት፣ በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም ቦታዎች የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሀል ከተማ እጅግ ብዙ ቤተሰብ አውጥተዋል። በቅርቡም የኮሪደር ልማቱ እንደ ካዛንቺስ ካሉት ነባር ሰፈሮች ነዋሪዎችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች አዛውሯል። አብዛኛው ሰው አዲሱን ሰፈር በጥቂት ወራት ይለምደዋል። የመርሳት ሕመም የጀመራቸው አዛውንት ግን አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍል ነው ቀድሞ የተጎዳው፤ የሃምሳ ዓመቱን ሰፈር ጥግ በጥግ ያስታውሳሉ፣ ትናንት የወጡበትን ደረጃ ግን አያስታውሱም። በነባሩ ሰፈር ቢጠፉ እንኳ የሚያውቃቸው ይበዛል፤ የዳቦ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ዘበኛ እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸው ነበር። በአዲሱ ሰፈር ሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀለሙም፣ ደረጃውም፣ በሩም። በግድግዳው ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ብቻ ነው የሚለያያቸው፤ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ ነው። በጎረቤቴ ብሎክ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በሩ ላይ የቆየ ሞሰብ ክዳን መስቀል ነበር። አባትየው ቁጥሩን ባያውቁትም ሞሰቡን ያውቁታል።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ሱቅ ውስጥ የሚገጥመው የመጀመሪያው ችግር ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ነው። መንግሥት በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶችን ሲለውጥና የ200 ብር ኖትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ሁላችንም ለጥቂት ሳምንታት ተደናግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች ግን ያ መደናገር አልለቀቃቸውም፤ አእምሯቸው የያዘው የድሮውን ኖት ነውና የአሁኑን «ይህ የሐሰት ነው» ብለው ሊመልሱት፣ ወይም 200ውን እንደ 10 ቆጥረው ሊሰጡት ይችላሉ። ነጋዴው እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም ማለት ነው፤ ይህ በግልጽ ቋንቋ ስርቆት ነው። ሌላው ገንዘቡን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የሚፈለገውን ብቻ ለይቶ፣ መልሱን በእጃቸው ላይ ጮክ ብሎ መቁጠር ነው።

የንግግሩም ነገር እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ መጠበቅ። «ሻይ ቅጠል ወይስ ቡና፣ ስንት ግራም፣ በጥሬ ገንዘብ ነው በቴሌብር?» ብሎ ጥያቄ መደርደር ጤነኛውንም ያስቸኩላል፤ ሕመምተኛውን ግን ጭራሽ ያጠፋዋል። ከሁሉ በላይ መቅረት ያለበት «አሁን ነገርኩዎት እኮ፣ አያስታውሱም?» የሚለው ነው። ማስታወስ አለመቻሉ ነው እኮ ሕመሙ! ከኋላ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም፣ ባለሱቁ ረጋ ካለ ተራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ከተበሳጨ ግን አዛውንቱም ተበሳጭተው ነገሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይህን የምለው ደጋግሜ አይቼው ነው።

ዱቤ ደብተሩን ደግሞ አቅልለን እንዳናየው እፈልጋለሁ። ብዙ አገሮች በኮምፒውተር የሚያደርጉትን እኛ በደብተር ይዘነዋል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ወሰደ የሚለው ሁሉ ተጽፏል። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስልክ ቁጥርና «በቀን ከዚህ በላይ ቢጠይቁ ደውሉልኝ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ለሕመምተኛው የማስታወሻ፣ ለልጁም የመረጃ መዝገብ ይሆናል። ቁጥሩን መስጠት ያለበት ግን ቤተሰቡ ነው፤ አዛውንቱም ገና ነገሩን በሚረዱበት ጊዜ እሺ ቢሉበት ይመረጣል። የሰውን ሕመም ሰፈር እንዲያወራው መመዝገብ ሌላ ነገር ነው።

ባንኮች ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአሜሪካ የተሠራ አንድ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በኋላ የመርሳት ሕመም የተገኘባቸው ሰዎች ሕመማቸው በሐኪም ከመረጋገጡ እስከ 6 ዓመት ቀደም ብሎ ክፍያ የመዘንጋት ምልክት ያሳዩ ነበር። ይህ ማለት ከሐኪም ቀድሞ ምልክቱን የሚያየው የባንክ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጡረተኛው በወሩ መጀመሪያ ያወጡትን ገንዘብ «አልተሰጠኝም» ብለው በማግሥቱ ሲመለሱ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን በተደጋጋሚ ሲያስቆልፉ፣ ፊርማቸው ከናሙናው ጋር አልገጥም ሲል፣ ወይም ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ «የወንድሜ ልጅ» አጠገባቸው ቆሞ በእሳቸው ፈንታ መልስ መስጠት ሲጀምር፣ አስተዋይ ሠራተኛ ቆም ማለት ይገባዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዘመዴን ይዤ አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ፣ ፊርማቸው ስላልተመሳሰለ ሠራተኛዋ በመስኮቱ ቀዳዳ «እኚህ ሰውዬ ጤነኛ ናቸው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ በዚያ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው፣ እሳቸውም ሰምተው አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። ሴት መሆናቸውን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። የሠራተኛዋ ጥርጣሬ ትክክል ነበር፤ የመጠየቂያው መንገድ ግን ዘመዴን ዳግመኛ ባንክ ቤት እንዳይረግጡ አደረጋቸው። አንድ ወንበርና አንድ የተከለለ ጠረጴዛ ቢኖር፣ ያንኑ ጥያቄ በዝግታ ማቅረብ ይቻል ነበር።

ከዚህ ጋር የውክልና ጉዳይ አለ፤ ባንኮች ለደንበኞቻቸው ቀደም ብለው ቢነግሩ ብዙ ቤተሰብ ከመከራ ይድናል። ውክልና የሚሰጥ ሰው በሚሰጥበት ጊዜ የሚያደርገውን የሚያውቅ መሆን አለበት። ቤተሰቡ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ የሚሄደው አባት ስማቸውን እንኳ መናገር ሲሳናቸው ነው። በዚያን ጊዜ ያለው መንገድ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተደነገገው በፍርድ የመከልከልና ሞግዚት የማሾም ሥርዓት ሲሆን፣ እርሱም ጊዜ፣ ገንዘብና የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፤ በወንድማማቾች መካከልም ቂም ያስነሣል። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ዕድሜው ስድሳ ለደረሰ ደንበኛው «ሁሉም ነገር ደኅና ሳለ ከልጆችዎ ጋር ይህን ተነጋገሩበት» ቢለው፣ ከማንኛውም የቁጠባ ሽልማት የበለጠ ውለታ ነው።

ፋርማሲዎችን በአጭሩ ላንሣ። የደም ግፊት መድኃኒቱን የወሰደ መሆኑን ረስቶ ደግሞ የሚውጥ ሰው ሊወድቅ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። የወር መድኃኒቱን በአሥራ አምስት ቀን ጨርሶ የሚመጣ ደንበኛ ሲገጥመው ባለሙያው ዝም ብሎ ሊሸጥ አይገባም። ሌላው ደግሞ በየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኙት እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም እንደ ዳያዜፓም ያሉት የማረጋጊያ እንክብሎች የአዛውንትን መደናገር የሚያባብሱ መሆናቸው ነው። «እናቴ ሌሊት አትተኛም፣ የሚያስተኛ ነገር ስጠኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ፣ ከመድኃኒቱ በፊት «ለመሆኑ ሐኪም አይቷቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመርሳት ሕመም የሚመስለው ሁሉ እርሱ አይደለምና። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ በመውደቅ ምክንያት በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ኢንፌክሽንም ቢሆን ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ጸበል የሚሄደውም ይሂድ፤ ለደም ምርመራም ጊዜ ያግኝለት።

ታክሲ ተራው ሌላ ጉዳይ ነው። ሕመምተኞች በተለይ ሲመሽ «ቤቴ ልሂድ» ማለት ያበዛሉ፤ ቤታቸው ተቀምጠውም ቢሆን። እዚህ ዳርቻ ላይ «ቤቴ» ማለት ብዙውን ጊዜ ዛሬ የሌለ፣ የፈረሰ ቤት ነው። «ካዛንቺስ» ብለው ሚኒባስ ውስጥ የሚገቡ አሉ፤ ሲደርሱ የሚያውቁት አንድም ነገር አያገኙም። የቱሉ ዲምቱ መውጫ ከአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በእግራቸው ከወጡ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ተራ አስከባሪዎች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ ማንን አሳፍረው ማንን አስቀምጠው እንደሚያቆዩ ያውቃሉ። የጎደላቸው የሚደውሉበት ቁጥር ነው። ቁጥሩን በነጠላ ጫፍ ላይ ሰፍተው ወይም በአንገት ማተብ ላይ አሥረው የሚልኩ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ትልቅ ብልሃት ነው።

ስለ ሕንፃም አንድ ነገር ልበል። አዳዲሶቹ የንግድ ማዕከሎችና የባንክ ቅርንጫፎች የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይወዳሉ፤ ሕመሙ ዓይን የሚያየውን አንጎል የሚተረጉምበትን መንገድ ስለሚያዛባ፣ የሚያብለጨልጭ ወለል ውኃ የፈሰሰበት፣ በር ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍም ጉድጓድ መስሎ ሊታይ ይችላል። አዛውንቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አልገባም ሲሉ ግትርነት እንዳይመስለን። ምንጣፉን ማንሣት ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ለእኔም ወደ ዋነኛው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ሠራተኛዋ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመርሳት ሕመም ዓለምን ያስወጣው ወጪ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ሲገመት፣ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚሰጡት እንክብካቤ ዋጋ ነው። አስታማሚዎች በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ለዚሁ ያውላሉ፤ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶ የሚሆነውን የሚሰጡትም ሴቶች ናቸው። በቀን 8 ሰዓት የምትሠራ፣ በሰርቪስ ለመሄድና ለመመለስ ሁለት ሦስት ሰዓት የምታጠፋ ሴት፣ እነዚህን 5 ሰዓታት ከየት ታመጣቸዋለች? ከእንቅልፏ ታመጣቸዋለች። ያ ሲያልቅባት ከሥራ ሰዓቷ መቁረስ ትጀምራለች።

የሱቁ ደንበኛ ልጅ ያጫወተችኝን ሳይጨመርበት ልጻፈው። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚያልፈው። ከዚያ በፊት እናቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ ቁርስ አብልታ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሶኬት ነቅላ፣ ቢላውን ደብቃ፣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ቁልፉን ለጎረቤት ትሰጣለች፤ ጎረቤቷ ወጣ ያለች ቀን ግን ይዛው ትሄዳለች። «እሳት ቢነሣስ?» አልኳት። «እሱን ሳስብ ነው የምውለው» አለችኝ። እናቷ አንዳንድ ቀን ቀሚሱን አልለብስም ብለው ሲታገሏት ሰርቪሱ ያመልጣታል፤ ለአለቃዋም ራሷን እንዳመማት ትናገራለች። እናቴ ነች ብትል የሚገባው ስለማይመስላት ነው።

ፍርሃቷ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ አንድ የሚቃረን ነገር አለ። በአንድ በኩል አዋጁ የቤተሰብ ኃላፊነት የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ኢትዮጵያም የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 156 ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ ያ ስምምነት ደግሞ ከልጆች በተጨማሪ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ሌሎች የቅርብ ቤተሰቦችም ይጠቅሳል። በሌላ በኩል ያው አዋጅ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ ለ5 ቀናት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ሠራተኛዋን «እናትሽን ስለምታስታምሚ» ብሎ ማሰናበት አይቻልም፤ «8 ጊዜ ስላረፈድሽ» ብሎ ግን ይቻላል፤ ያረፈደችበት ምክንያት እናቷ ቢሆኑም። ፈቃዱም ቢሆን አያወጣትም። የሕመም ፈቃድ ለራሷ ሕመም ነው። የቤተሰብ ፈቃድ ተብሎ በደመወዝ የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ለጋብቻና ለሐዘን ነው፤ እናት ሲሞቱ ፈቃድ አለ፣ እናት ሲታመሙ ግን የለም። ልዩና አሳሳቢ ለሆነ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መውሰድ ይቻላል፣ ያውም በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። የመርሳት ሕመም ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። የቀረው የዓመት ፈቃዷ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአስታማሚ ሠራተኞች በዓመት የአንድ ሳምንት ፈቃድ በሕግ ሰጥታለች፤ እርሱም ቢሆን ያለ ክፍያ ነው። መንገዱ የትም አልተጠናቀቀም።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን አሠሪው እጁን የሚያስረው ነገር የለም፤ አዋጁ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን መብት ነውና በኅብረት ስምምነትና በድርጅት የሥራ ደንብ ከዚያ በላይ መስጠት ይቻላል። ደግሞ ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የፈረቃ መቀያየር ለጤነኛ ቤተሰብ አሰልቺ ነገር ነው፤ ለመርሳት ሕመምተኛ ቤተሰብ ግን ትልቅ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሕመምተኞች የሚረበሹት ከአመሻሹ 11 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው፤ የሚረጋጉትም በየቀኑ ያው ሰው፣ ያው ነገር፣ በያው ሰዓት ሲሆንላቸው ነው። ለዚህች ሴት የማታ ፈረቃን አስቀርቶ ዘወትር ጠዋት እንድትገባ ማድረግ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ ይጠቅማታል። ሌሊት መሥራትን የሚመርጡ ሠራተኞች አይጠፉም፤ ፈረቃ መሪው መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት። የዓመት ፈቃድን በግማሽ ቀን ከፋፍሎ መስጠትም እንዲሁ ነው፤ ለሐኪም ቀጠሮ ሙሉ ቀን ማቃጠል አያስፈልግም።

ስልክም አለ። በብዙ ፋብሪካዎች ሠራተኛው ስልኩን በሎከር ቆልፎ ይገባል፤ ለማሽን ደኅንነት ሲባል ተገቢ ነው። ነገር ግን እናቷ ጠፍተው ጎረቤት ሲደውል፣ ሠራተኛዋ የምትሰማው ከአራት ሰዓት በኋላ በምሳ ዕረፍት ነው። የፈረቃ መሪው ወይም የጥበቃ ክፍሉ አንድ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቢይዝና ቁጥሩ በአስታማሚ ሠራተኞች ቤት በር ላይ ቢለጠፍ፣ ደንቡም አይጣስም፣ እሷም በየሰዓቱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብላ ሎከሯን ከመፈተሽ ትድናለች።

ሰው ሀብት ክፍሎች «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም» ሲሉ እሰማለሁ። ያለ አይመስላቸውም፤ ማንም አይነግራቸውምና። ሠራተኛው ስለ ልጁ ክትባት በነፃነት ይናገራል፣ ስለ አባቱ መጃጀት ግን ያፍራል። በዓመታዊው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «ቤቱ የሚያስታምመው ሰው ያለው ቢነግረን አይጎዳበትም» ብሎ ቢናገርና ቃሉን ቢጠብቅ፣ ከሦስት ወር በኋላ ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ ያያል። ድርጅቱም የሚያተርፈው ነገር አለ። ለሥራው በደንብ የሠለጠነች ኦፕሬተር ስትለቅ፣ በምትኳ የምትቀጠረው እስክትለምድ የሚበላሸው ምርትና የሚባክነው ጨርቅ፣ ለሁለት ወር የፈረቃ ማስተካከያ ከሚያስከፍለው በእጅጉ ይበልጣል። ይህን ፈረቃ መሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ሳላነሣት የማላልፋት ሌላ ሠራተኛ አለች። በተለይ ደኅና ገቢ ባላቸው ቤቶች ሕመምተኛዋን ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች የአሥራ ስምንት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። እሷ ሌሊትም ትነሣለች፣ ትሰደባለች፣ አንዳንዴም «ወርቄን ሰረቅሽ» ትባላለች፤ ዕቃ አስቀምጦ መርሳትና ሰረቁኝ ማለት የሕመሙ አንድ ጠባይ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ አይሸፍንም። ስለዚህ ከቢሯችን የአስታማሚ ፈቃድ የምንጠይቅ እኛ፣ በቤታችን ላለችው አስታማሚ አሠሪዎች መሆናችንን አንርሳ፤ የሳምንት ዕረፍቷን፣ የሌሊት እንቅልፏን፣ ከሁሉም በላይ ሕመሙ ምን እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው ልናገኝላት ይገባል። ወርቁ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ፍራሹ ሥር እንፈልግ።

እድሮችም አሉ። እድር ለሞት ጊዜ የተቋቋመ ቢሆንም፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የአባላቱን ዝርዝርና ቃል የሚያስተላልፈውን ለፋፊ ይዟል። አንድ አዛውንት ከቤት ወጥተው ሲጠፉ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ቤት ሊያንቀሳቅስ የሚችል ከእድር የተሻለ ድርጅት በሰፈራችን የለም። የዓለም የአልዛይመር ቀን የሚውለው መስከረም 11 ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ እድሮች ከበዓል በኋላ ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ አጀንዳው ላይ ይህ አንድ ጉዳይ ይግባ።

የሱቁን ደንበኛ ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት ሰርቪስ ስትጠብቅ አገኘኋት። በስተመጨረሻ ለፈረቃ መሪዋ እውነቱን ነግራዋለች። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ «የኔም አባት እንደዚያ ነበሩ» ብሏታል። አሁን ዘወትር ጠዋት ነው የምትገባው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዓመት ፈቃዷ እየተቆረሰ ትወጣለች። ቁልፉን ለባለሱቁ መስጠት ጀምራለች። 4 ሰዓት ላይ ወጥቶ በሩን ይከፍትላቸዋል፣ ወርደው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ በዚያውም ስኳራቸውን ይጠይቃሉ።